ሽቦ ያልነካው ብረት

ባለፈው የካቲት የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ስደርስ አንድ ወጣት ሻጭ ግራይንደሩ ላይ የሽቦ ብሩሽ አስሮ፣ በሌላው እጁ የዛገ ማይክሮሜትር ይዟል። ሊያጸዳው ነው። ድምፄ እንደማይሰማ ስላወቅኩ ፊቱ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩለት። አጠፋው። «ምነው ጋሼ?» አለኝ። እንዳይነካው ስለምነው ግራ ገባው። «ካላበራ ማን ይገዛኛል?»

እውነቱን ነው። ገዢዎች ነን እንዲህ ያስለመድነው። ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ማብረቅረቁን ነው። መዶሻ ወይም ሞርሳ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ይፈተግ። መለኪያ ግን ሌላ ነገር ነው። የመለኪያ ዋጋው ያለው የሚለካውን ዕቃ በሚይዙት ሁለት ፊቶቹ ላይ፣ በተቀረጹት መስመሮችና በውስጡ በተደበቀው ጥርስ ነው። የሚዞር ሽቦ አንድ ጊዜ ካለፈባቸው የሚቀረው የሚያምር ብረት ብቻ ነው።

የማይክሮሜትር አሠራር ቀላል ነው፦ ጥርሱ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተቆረጠ ብሎን ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 0.5 ሚሊሜትር ይጓዛል። የሚዞረው ቱቦ ዙሪያ በ50 መስመር ተከፍሏል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር 0.01 ሚሊሜትር ነው። ዣን ሎረን ፓልመር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1848 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት መሣሪያ ነው፤ ፈረንሳዮች ዛሬም «ፓልመር» ይሉታል። እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ምን ያደርጋሉ የሚል ካለ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይጠይቅ። 6205 የሚባለውን ኩሽኔታ እንውሰድ፤ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ በ0.05 ካነሰ ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ መሽከርከር ይጀምራል፣ ይግላል፣ ዘንጉን ይበላዋል። ወፍጮ ቤቱ ቆሞ ባለቤቱ «ኩሽኔታው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ጥፋቱ ግን ሳይለካ የተቆረጠው ዘንግ ነው።

ከልጁ በ800 ብር ገዛሁት። ከመክፈሌ በፊት መስመሮቹን ቆጠርኩ። ይህን ማንም ገዢ ማድረግ አለበት፦ 50 ከሆኑ በሚሊሜትር የሚለካ ነው፣ 25 ከሆኑ ግን የኢንች መለኪያ ነው፤ የኢንቹ አንድ መስመር የኢንች አንድ ሺህኛ ነው። መልካቸው አንድ ስለሆነ ከርቀት አይለዩም። ካሊፐር የሚገዛ ደግሞ መንጋጋዎቹን ገጥሞ ወደ ብርሃን ያንሳቸው። በመሃላቸው የብርሃን ክር ከታየ ተበልተዋል፤ ዓይን በዚህ መንገድ ከ0.01 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት እንኳ ይይዛል።

የእኔው የጃፓኑ ሚቱቶዮ ሥራ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲቋቋም ዓላማው ማይክሮሜትርን አገሩ ውስጥ መሥራት ነበር። ቅስቱ ላይ ያለው ቀለም ተላልጧል፤ ከቀለሙ በታች የቀድሞ ባለቤቱ በሹል ነገር «ተ.» ብሎ ጽፎበታል። ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ጎረቤቴ ጋ ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ምንም አለመሥራት ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እያገላበጡ ረጅም ጊዜ አዩት። «አታስቸኩለው፤ ብሎኑ ከነእናቱ አብሮ የተሠራ ነው፣ የሌላውን አይቀበልም» አሉኝ።

ፈታነው። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ጥርሱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብነው፣ ጥርስ ለጥርስ በእንጨት ስንጥር ተከተልነው፤ ብርጭቆ ወረቀት በአጠገቡ አልደረሰም። ኮምጣጤም አልነከርነውም፤ አሲድ ዝገቱን ሲበላ መልካሙን ብረትም ይቀምሳል፣ የመስመሮቹንም ጥቁር ቀለም ይወስዳል። ፊቶቹ ካርባይድ ስለሆኑ አልዛጉም። በመሃላቸው ንጹሕ ወረቀት ያዝ አድርገን ስንስበው ጥቁር እድፍ ይዞ ወጣ፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምነው። ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። ሲዞር ድምፁ እንደ ሐር ለስልሷል።

ሲገጠም ግን ዜሮው በ0.02 ተዛንፏል። ለማስተካከያ የተሠራችው ትንሽ ቁልፍ ከጠፋች ስንት ዘመኗ ይሆን! አዛውንቱ ከመጋዝ ምላጭ ቆርጠው፣ ሞርደው ሌላ ሠሩላት። በእሷ ቱቦውን በስሱ አዞሩ፣ ገጠሙ፣ ፈቱ፣ እንደገና ገጠሙ። ዜሮ። ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤው ሳይ ተቆጡኝ፤ የእጅ ሙቀት ቅስቱን ያስረዝመዋል። የርዝመት መለኪያ የዓለም መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ያወቁት በተማሪነታቸው ነው። «ስታስቀምጠው ፊቶቹን አትግጠም» አሉ፤ «ትንሽ ይተንፍሱ።»

እኔን የሚቆጨኝ የሻጩ ብሩሽ አይደለም። የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ነው። አንድ ወርክሾፕ አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ መለኪያውም፣ ቁርጥራጭ ላሜራውም፣ የተሰበረ ወንበርም አብረው በኪሎ ይመዘናሉ። የቱቦውን 50 መስመር ማንም አይቆጥርም። በሌላ በኩል በየሙያ ማሠልጠኛው አንድ ማይክሮሜትር ለብዙ ተማሪ የሚዞርበት ክፍል አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ልጅ ሳይነካው ይመረቃል። በኪሎ ከተሸጡት መካከል የሚጠገኑትን አንድ ባለሙያ ሁለት ቀን ተቀምጦ ቢለይ፣ ያ ክፍል በአንድ ሳምንት ይሞላ ነበር። አሠልጣኞቹም ጥገናውን ራሱን ትምህርት ያድርጉት፤ ማይክሮሜትር ፈትቶ የገጠመ ተማሪ 0.01 ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ ያውቃል።

«ተ.» የሚለውን አላጠፋሁም። አዛውንቱም አላስነኩኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ደወለ። ሌላ አግኝቷል፤ ከ25 እስከ 50 የሚለካ፣ ከነእንጨት ሳጥኑ። መስመሮቹን ራሱ ቆጥሯቸዋል። «50 ናቸው» አለኝ። «ሽቦ አላስነካሁትም ጋሼ።»