የግንባታ ሙያ ለልጃችን እንጀራ ይሆነዋል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ውጤት በወጣ ማግስት በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አልተለወጠም፦ «አሁን ልጁ ምን ይሁን?» ብዙ ወላጆች «በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ይማር» ይላሉ። «ግንበኛ ወይም ኤሌክትሪሽያን ይሁን» የሚል ወላጅ ግን እምብዛም አይገኝም።

በዚህ ወር ጥያቄውን ከባሮ ወንዝ ዳር እንየው። ጋምቤላ ክልል ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል። ለእነርሱም ለነዋሪውም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ መስመር ያስፈልጋል፤ በከተማዋም ሆቴልና መኖሪያ ቤት ይሠራል። ነገር ግን በብዙ ግንባታ ላይ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰው የአካባቢው ወጣት ሲሆን፣ ቱንቢና ውኃ ልክ የሚይዘው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከደጋ የመጣ ነው። ሁለቱ አንድ ፀሐይ እየመታቸው ይውላሉ፤ ማታ ይዘውት የሚገቡት ገንዘብ ግን በእጅጉ ይለያያል። ልዩነቱን የፈጠረው ሙያው ነው።

ለመሆኑ ክፍያው እንዴት ይሰላል? በግንባታ ሥራ ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ። አንደኛው የቀን ሂሳብ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ወይም ስሚንቶ ካለቀ ገቢ የለም። ሁለተኛው በካሬ ወይም በሜትር የሚታሰብ የእጅ ዋጋ ነው። ሦስተኛው ሥራውን በሙሉ በቁርጥ መያዝ ነው። የቀን ሠራተኛው የሚሸጠው ጊዜውን ነው፤ ባለሙያው ግን የሠራውን ሥራ ይሸጣል።

ለስሌት ያህል አንድ ግንበኛ የብሎኬት ግድግዳ በካሬ 200 ብር ተዋዋለ እንበል፤ ይህ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ምሳሌ ነው። በቀን 12 ካሬ ቢገነባ 2,400 ብር ይሆናል። ለረዳቱ 600 ብር ከከፈለ 1,800 ብር ይቀረዋል። በወር 16 ቀን ቢሠራ ገቢው 28,800 ብር ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዝናብ ሥራውን አቋርጦበት በዓመት 7 ወር ብቻ ቢሠራ፣ የዓመት ገቢው ለ12 ወር ሲካፈል በወር 16,800 ብር ይሆናል። ቤተሰብ ማየት ያለበት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። የበጋውን ገቢ እንደ ዓመት ደመወዝ ቆጥሮ ቤት የተከራየ ወጣት ሐምሌ ላይ ይቸገራል።

ለጋምቤላ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከተማዋ በ1894 ዓ.ም. ስምምነት መነሻነት የወንዝ ንግድ ጣቢያ በነበረችበት ዘመን፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች የሚደርሱት ባሮ ሲሞላ ስለነበር ገበያው በክረምት ይደራ ነበር። የዛሬው ግንባታ ግን የሚሞቀው ባሮ ሲጎድል ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሙያ የሚመርጥ ወጣት ከጣሪያ ሥር የሚሠሩትን ቢያስቀድም ይጠቀማል፦ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧ ሥራ፣ የሴራሚክ ንጣፍ፣ ቀለምና ብየዳ። እነዚህ በክረምትም ይሠራሉ፤ ቤቱ ካለቀ በኋላም ጥገና አላቸው።

የአካባቢው ሙቀትም የራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። በጠራራ ፀሐይ የተሞላ ኮንክሪት ውኃው ቶሎ ይተንንና ይሰነጠቃል። ጎበዝ ባለሙያ በማለዳ ይሞላል፤ ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ያጠጣዋል። ስሚንቶ ከመሐል አገር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ፣ ሥራ ሳያበላሽ የሚጨርስ ሰው የሚያድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የቤት ባለቤቶችም ይህን ስለሚያውቁ እንዲህ ያለውን ሰው እየፈለጉ ይጠሩታል።

መንገዱ እንዲህ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ብዙዎች «ሲኦሲ» የሚሉትን የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው በሙያው የምስክር ወረቀት ይይዛል። ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር አለ፤ ከአጎቱ ወይም ከጎረቤት ግንበኛ ሥር ሆኖ ሙያውን በሥራ የለመደ ልጅም መመዘን ይችላል። ከረዳትነት ወደ ባለሙያነት፣ ከዚያ ወደ ፎርማንነት፣ ብሎም የራስን ቡድን ይዞ ሰብ ኮንትራት ወደ መውሰድ ይታደጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ብዙ ወጣቶችን፣ ሴቶችንም ጨምሮ፣ ብሎኬት ከማምረት ጀምሮ ወደዚህ ሥራ አስገብቷል።

ልጃችሁ ሥራ ሲጀምር ሕጉንም ይወቅ። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ መደራደር ግድ ነው። ተቀጥሮ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ የሌሊት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ 7 በመቶ ከደመወዙ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ለጡረታው ይገባለታል። በካሬ ወይም በቁርጥ ከሆነ ደግሞ ከዘመድም ጋር ቢሆን በጽሑፍ ይዋዋል። ክፍያው በስንት ዙር እንደሚሰጥ፣ በልኬቱ ላይ የበርና የመስኮት ክፍተት ይቀነስ አይቀነስ እንደሆነ ይጻፍ። በዚህ ዘርፍ የሚነሳው ጠብ አብዛኛው ከልኬት የሚመጣ ነው።

የቀረው እኛ ቤት ያለው ችግር ነው። ባለእጅን «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» እያሉ መስደብ ድሮም ስለነበረ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዋጅ ከልክለውታል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም «ልጄ ግንበኛ ነው» ለማለት የምናመነታው ብዙዎች ነን። ልጅ ይህን ማመንታት ያያል፤ ሙያውንም ሌላ ሥራ እስኪገኝ የሚቆይበት ማረፊያ አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ የያዘው ሙያ ደግሞ አያድግም።

ስለዚህ ለኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሥልጠናው ስንት እጁ በተግባር ነው? ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቶቹ ምዘናውን አለፉ? ልጁ በሥልጠናው ጊዜ የት ድርጅት ገብቶ ይለማመዳል? መልሱን ከማስታወቂያው ሳይሆን ከቀድሞ ሠልጣኞች ስሙ። ከዚያ ለልጁ የመጀመሪያውን የሥራ ዕቃ፣ ማንኪያውን ወይም ቴስተሩን፣ ራሳችሁ ግዙለት። ሙያውን እንደማታፍሩበት ከምክራችሁ ይልቅ ከዚያ ይገባዋል።