ስላጌጠ ሽጉጥ

ከብዙ ዓመት በፊት ፊደልና ሒሳብ ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ዛሬ በአሜሪካ አገር የሚኖር፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በፎቶግራፉ ላይ የነበረው የልጆቹ መልክ ወይም የቤቱ ደጅ አልነበረም፤ አንድ ሽጉጥ ነበር። «ጋሼ፣ እጀታውን በገዛ እጄ ቀረጽሁት፤ አርባ ሌሊት ፈጀብኝ፤ እንዴት ያዩታል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ብዙ ቀን ሳሰላስል ከረምሁ። በኋላም ጥያቄው የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ መልሴን ለእናንተ ለወጣቶች ጭምር ልጽፈው ቈረጥሁ።

አስቀድሜ እውነቱን ልናገር፤ ሥራው ያማረ ነው። ያማረውን አላማረም ብዬ ብጀምር የቀረውን ቃሌን ማን ያምነኛል? የሥራውን ዓይነት ለማያውቅ አንባቢም ጥቂት ላስረዳ። ሽጉጡ ጆን ብራውኒንግ የሚባል አሜሪካዊ የፈለሰፈው፣ የአገሩም ጦር ሠራዊት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. የተቀበለው፣ ኮልት የሚባለው ዓይነት ነው። የእጀታው ሁለት ጎን ዋልነት በሚባል ጠንካራ እንጨት ይለበጣል። ሠሪው እንጨቱን በሞርሳ አጥብቆ፣ መጀመሪያ ሁለት ዋና መስመሮችን በሰያፍ ያሰምራል፤ መስመሮቹ ተሻግረው የሚሠሩት ቅርጽ ርዝመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ ያህል እንዲሆን አድርጎ ይለካል። ከዚያም ጥርሱ ሁለት ረድፍ የሆነ ትንሽ መቅረጫ ይይዛል። አንዱ ረድፍ ቀድሞ በተቈረጠው መስመር ውስጥ እየሄደ ሲመራ፣ ሁለተኛው አዲሱን መስመር ይቈርጣል። በዚህ አኳኋን በአንድ ኢንች፣ ማለት በሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ውስጥ፣ 20 ወይም ከዚያ የሚበልጥ መስመር ያወጣል። መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ጠልቀው አይቈረጡም፤ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ነው ጥልቀታቸው የሚሞላው። በመጨረሻ ጫፋቸው የሾለ፣ አልማዝ የመሰሉ ጥቃቅን ቅርጾች በመቶ የሚቈጠሩ ሆነው ይወጣሉ። ብናኛቸው በጥርስ ብሩሽ ተጠርጎ የተልባ ዘይት ይቀባሉ። እጅ አንድ ጊዜ አምልጦ መቅረጫው ከክፈፉ ቢያልፍ፣ የሳምንቱ ድካም በአንዲት ቅጽበት ይበላሻል።

እንግዲህ ይህ የሰነፍ ሥራ አይደለም። የሰካራም ሥራም አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይሠራውም። ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የብራና ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፤ ደርቆ ሲለሰልስ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በወስፌው ጫፍ ያለ ቀለም ያሰምራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሸምበቆ ብዕሩን ከቀለሙ የሚነክረው። ሁለቱ ሰዎች ቢገናኙ በእጃቸው ይተዋወቁ ነበር። አንዱ የሚያሰምረው ግን ቃል እንዲነበብበት ነው፤ ሌላው የሚያሰምረው መዳፍ እንዲጨብጠው ነው። ጠቤም በዚህ ላይ ነው።

በኦሪት ዘጸአት 31ኛው ምዕራፍ ባስልኤል የሚባል የእጅ ባለሙያ ይነሣል። እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞልቶት በወርቅና በብር፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ይመርጠዋል። ልብ አድርጉ፤ የእጅ ሙያ የእግዚአብሔር መንፈስ ስጦታ ሆኖ ነው የተጻፈው። ገጹን ብትገልጡ ግን በ32ኛው ምዕራፍ አሮን የሕዝቡን ወርቅ ተቀብሎ በመቅረጫ ጥጃ ይሠራበታል። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ የመቅረጫ ሥራም በሁለቱም ዘንድ አለ። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ያለው ልዩነት ሥራው ለምን ዋለ የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «በምን ላይ ዋለ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ሰው የደከመበትን ነገር ይወዳል። እናት ያሳደገችውን፣ ገበሬ ያረሰውን፣ ተማሪም ተግቶ ያጠናውን ትምህርት እንደሚወድ፣ አርባ ሌሊት የቀረጸም ያንን የቀረጸውን ይወዳል። የወደደውንም ማሳየት ይፈልጋል፤ ጌጥ ማለት እንዲታይ የተሠራ ነገር ነውና። የሽጉጥ ትክክለኛ ቦታ ግን የት ነው? ጥይቱ ወጥቶ፣ ጥይቱ ለብቻ ሽጉጡ ለብቻ ተቈልፎ፣ ከልጅ ዓይንና እጅ ርቆ መቀመጥ ነው። ይህን የሚክድ አስተዋይ ባለ መሣሪያ የለም። እንግዲህ ሊደበቅ የሚገባውን ነገር ማስጌጥ ራሱን የሚቃረን ሥራ ነው። ያላጌጠ ሽጉጥ ከሣጥን ገብቶ ይረሳል። ያጌጠው ግን አይረሳም፤ እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን ይወጣል፣ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሰባት ዓመቱ ልጅም ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ሁለት ነገር ይማራል፤ አባቱ ከዕቃው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ምን እንደሆነና የት እንደሚያስቀምጠው።

ይህን ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አራት መልስ እጠብቃለሁ፤ አንድ በአንድ ላንሣቸው።

አንደኛው፣ «ቅርጹ ለጌጥ ሳይሆን ለጥቅም ነው፤ ላብ ያለበት እጅ እንዳያዳልጠው ነው» ይላሉ። እውነት አለበት። ሻካራ እጀታ ከለስላሳው ይሻላል፤ ስለዚህም ፋብሪካው ራሱ የመጀመሪያዎቹን የኮልት እጀታዎች በዚሁ ዓይነት ቅርጽ ሠርቷቸዋል። ዳሩ ግን ለጥቅም ብቻ ቢሆን፣ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ተራ የጎማ እጀታ ያንኑ ያደርጋል። አርባውን ሌሊት የወሰደው ጥቅሙ ሳይሆን ውበቱ ነው። ተማሪዬም የጠየቀኝ «ያዳልጣል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «እንዴት ያዩታል?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው፣ «አባቶቻችንም መሣሪያቸውን ይወዱና ያወድሱ ነበር» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። በፉከራውና በቀረርቶው ምንሽሩ፣ ውጅግራው፣ አልቤኑ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ገበሬ ወይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የኖረው አርበኛ መሣሪያውን የወደደው አገሩ ስለ ተወረረ ነው። ጠላት በደጁ ነበር። አንተ ግን በሰላም ከተማ፣ በር ቈልፈህ፣ መብራት አብርተህ፣ ቡና ጠጥተህ ነው የቀረጽኸው። የአባትን ፉከራ ያለ አባት ምክንያት መውሰድ የሞተ ሰው ልብስ ለብሶ ጀግና ነኝ እንደ ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ የአሜሪካ ወታደሮች ከተሰበሩ አውሮፕላኖች የተገኘውን፣ እንደ መስተዋት የሚያሳየውን ፕላስቲክ ቈርጠው ለሽጉጣቸው እጀታ ያደርጉ ነበር። ከሥሩም የሚስታቸውን ወይም የእጮኛቸውን ፎቶግራፍ ያስቀምጡ ነበር። እነርሱን አልነቅፍም፤ አዝንላቸዋለሁ። ከአገሩ የራቀ፣ ነገ መኖሩን የማያውቅ ወታደር ፎቶግራፍ የሚሰቅልበት ግድግዳ አልነበረውም። ግድግዳ ያለው ሰው ግን ፍቅሩን በሽጉጥ እጀታ ላይ ለምን ይለጥፋል?

ሦስተኛው፣ «ሕግ ይፈቅድልኛል» ይላሉ። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ደግሞ ሕጉ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ቢለያይም መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የታወቀ መብት ነው። ስለ ሕግ አልተከራከርሁም። ሕግ የሚነግረን ምን ብናደርግ እንደማንታሰር ነው፤ ዕድሜያችንን በምን ላይ ብናውለው እንደሚያምርብን ግን አይነግረንም።

አራተኛው መልስ ከሁሉ የከበደ ነው። «ጌጥ አይገድልም፤ ባላስጌጠውም ሽጉጡ ያው ነበር» ይላሉ። ልክ ነው፤ ያው ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ጌጡ የሽጉጡን ጠባይ ከቶ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው የእኛን ዓይን ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ ሳሩ በለመለመ መጠን ገደሉ ይሸፈናል።

የራሳችን ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ በስጦታ ልካ ነበር። ለቆንስላዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምታመሰግንበት ጽሑፍም በብር ሰሌዳ ላይ ተቀርጾበት ነበር። ከዚያ በላይ የተከበረ ጌጥ በሽጉጥ ላይ ሊሆን አይችልም፤ የንግሥት ምስጋና ነውና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ የዚያችው ንግሥት ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ፣ ንጉሡ ከዚሁ ስጦታ ጥይት የገዛ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በንጉሡ ላይ አልፈርድም፤ እጅ አልሰጥም ያለ ሰው ነገር ከእኔ ፍርድ በላይ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሽጉጡ ነው። በብሩ ላይ የተቀረጸው ምስጋና ያንን ቀን ጥይቱን አላዘገየውም።

ይህ የነገሥታት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ አገር በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ48 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በጥይት ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። ስለዚህ በቤት ያለ ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተጠበቀውን ሌባ ሳይሆን፣ አንድ ክፉ ሌሊት የመጣበትን የቤቱን ሰው ነው። ኀዘን የሚያልፍ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሌሊቱ ቢያልፍለት ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። ቅርብ የሆነ መሣሪያ ግን ያንን ጠዋት ይሰርቃል። ልጄ ሆይ፣ ያንን እጀታ ለመዳፍ እንዲመች አድርገህ ስትሞርድ፣ ለማን መዳፍ እንደምታመቻቸው ታውቃለህን?

አሁን ደግሞ ነቀፌታዬን ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ልመልስ፤ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለምና። ይህ ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ እንጨት መጥረብ ይወድ ነበር። ቢላዋውን ነጥቄ «ደብተርህን ያዝ» ያልሁት እኔ ነኝ። እኛ የእጅ ሥራን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያልን ስናማ ኖረናል። ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብለን ማዕዳችንን ግን ከለከልናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ እስከ እኛ ዘመን ደረሰ። ከእጅ ሥራ ሁሉ ሳይነቀፍ የኖረው የመሣሪያ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጥቃጩን የናቀ ሰው ጠመንጃውን ሲስም አይተናል። እንግዲህ እጁ የሚያሳክከው ልጅ ወንድነቱን ሳያጣ የሚቀርጸው ነገር ሲፈልግ ሽጉጥ ቢያገኝ ምን ያስደንቃል?

በጋፋት የሆነውንም አስታውሱ። በደብረ ታቦር አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና የመጡት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። የመጡት ወንጌልን በሥራቸው ሊያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ በብዙ ሕዝብ ጉልበት ተጐትቶ እስከ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው ተጋድሞ ይገኛል። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ጉልበት ስንት ማረሻና ስንት መጋዝ ይወጣው ነበር? እኔም የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አፍራለሁ። እነርሱ ግን ተገድደው ነው የሠሩት። አንተን ማን አስገደደህ?

እንግዲህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሥራህ ውብ ነው፤ የዋለበት ግን አያምርም። ሽጉጡን አስወግድ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን እሺ ባትለኝ እንኳ ጥይቱን አውጥተህ፣ ለየብቻ ቈልፈህ፣ ለእንግዳም ለልጆችህም ሳታሳይ አስቀምጠው። መቅረጫህን ግን አትጣል። ሞርሳህንም አትፍታ። ከዚያው ከዋልነት እንጨት አንድ አትሮኖስ ሥራ። በእግሮቹ ላይ ያንኑ መስመር፣ በአንድ ኢንች 20 አድርገህ፣ ሳትቸኩል ቅረጽበት። ያንን በጠረጴዛህ ላይ ብታቆመው ማንም አይፈራውም። እንግዳ ይዳስሰው፣ ልጅህም ይዳስሰው። ልጅህ «አባቴ፣ እንዴት ሠራኸው?» ብሎ ሲጠይቅህ መቅረጫውን በእጁ አስይዘው፤ የመጀመሪያውን መስመር ቢያጣምመውም አትቈጣው። እኔ አንተን ተቈጥቼህ ነበርና።

የአትሮኖሱን ፎቶግራፍ ላክልኝ። እርሱን ከመጻሕፍቴ በላይ እሰቅለዋለሁ። የሽጉጡን ግን ይቅርታ አድርግልኝ፤ ለማንም አላሳየሁትም።