የአሽቀሎን ልጅ ኳሷን የት ትጫወት? የልጃገረዶች ሊጎች ሲነጻጸሩ

የትምህርት ዓመት ሲጀመር በአሽቀሎን አንዳንድ ቤቶች የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እስካሁን በሰፈሩ ሜዳና በማትናሱ ሁግ ከወንዶች ጋር ስትጫወት ኖራለች። አሁን ግን ወንዶቹ በቁመትም በጉልበትም እየቀደሟት ነው። ከእነሱ ጋር ትቀጥል ወይስ ወደ ልጃገረዶች ሊግ ትግባ? ትግባ ከተባለስ የትኛው ቡድን ጋ፣ በየትኛው ቀን፣ ማንስ ያደርሳታል?

ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ሊግ ይበልጣል?» ብለው ነው። የሊጉ ስም ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ልጅቷ በዓመት ስንት ጨዋታ ታገኛለች፣ ከማን ጋር ትገጥማለች፣ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ታጠፋለች የሚለው ይበልጥ ይናገራል።

በእስራኤል የሴቶች ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድንም የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የአሥር ዓመት ልጅ ሆና የመጣች ሴት ሊጉ ሲቋቋም አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ኳስ ብትወድ እንኳ የምትወዳደርበት ሊግ አላገኘችም። ዛሬ ልጅ አሳድጋ «የት ላስመዝግባት?» የምትለው እናት እሷ ልትሆን ትችላለች። ወንዶቹ ቢያንስ ኤሊ ዳሳ አላቸው። በኔታንያ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ተወልዶ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከመሆን የደረሰ ተጫዋች ነው፤ ልጆቹ ስሙን ጀርባቸው ላይ አጽፈው ቢሮጡ ማንም አይገርመውም። ልጃገረዷ የማንን ስም ታጽፍ?

የወንዶቹ ሊግ በየዕድሜው ተከፋፍሎ፣ በየአካባቢው ተደልድሎ የተዘረጋ ነው። የአሽቀሎን ልጅ አሽዶድ ወይም ስዴሮት ሄዶ ተጫውቶ ለምሳ ቤቱ ሊደርስ ይችላል። የልጃገረዶቹ ቡድኖች ግን ቁጥራቸው በጣም ያንሳል። ቡድን ሲያንስ መጀመሪያ መንገዱ ይረዝማል። ቀጥሎ የዕድሜ ክፍሉ ይሰፋል፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አሥራ አምስት ከሞላት ጋር ትጋጠማለች። ጎል በጎል ላይ የሚቆጠርበት ጨዋታ ለተሸነፈችውም ላሸነፈችውም ብዙ አያስተምርም።

በዚህ በኩል ለደቡቡ ትልቅ ነገር የሠራችው ኪርያት ጋት ናት። ከቴል አቪቭ የራቀች፣ ማኅበረሰባችን በብዛት የሚኖርባት ይህች ከተማ የሴቶች ቡድኗን የአገር ሻምፒዮን አድርጋለች፤ ቡድኑ በአውሮፓ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያም ተጫውቷል። ከአሽቀሎን ኪርያት ጋት በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። መኪና ለሌለው ቤተሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ከተሞች ባቡር ጣቢያ ቢኖራቸውም መስመራቸው የተለያየ ስለሆነ ሳይቀይሩ አይደረስም። ማታ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ሊያመላልሱ አይችሉም። ጎበዝ ልጆች የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው፤ ችሎታ አንሷቸው አይደለም።

የጨዋታ ቀንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ2015 የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ በሰንበት መጫወት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሊጎቹ ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ በኋላ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሕጉ እንደማይፈጸም ስላሳወቀ ነገሩ እንደነበረ ቀጠለ። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ግን ጥያቄው አልተመለሰለትም። አያት ቤት ሳይዘጋጅ የማይገባበት ዓርብ ማታ ልጅቷ ለነገ ጨዋታ ጫማዋን ስታዘጋጅ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል።

አሜሪካ ሲታይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ሊግ ሞልቷል። ኢ ሲ ኤን ኤል የተባለው የልጃገረዶች ክለቦች ሊግ በ2009 ተጀመረ። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2017 የራሱን የልጃገረዶች አካዳሚ ሊግ ከፈተ፤ እዚያ የገባች ልጅ ለትምህርት ቤቷ ቡድን እንዳትጫወት ተከለከለች። ብዙዎች አኮረፉ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በኮሮና ወቅት በሚያዝያ 2020፣ ፌዴሬሽኑ ሊጉን ዘጋው። ክለቦቹ ወዲያው ገርልስ አካዳሚ የተባለ ሌላ ሊግ አቋቋሙ። እስከ ዛሬ የአሜሪካ ወላጅ በሁለቱ መካከል ሲያማርጥ፣ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ የአውሮፕላን ቲኬት ሲገዛ ይኖራል። የሊግ ብዛት ለከፈለው በር ከፈተ፤ ያልከፈለው ውጭ ቀረ።

ኔዘርላንድ ሌላ መንገድ ያዘች። እዚያ ልጃገረዶች በወጣትነት ዕድሜያቸው ሁሉ ከወንዶች ጋር በአንድ ቡድን ሊጫወቱ ይፈቀድላቸዋል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ሩቅ ሳትሄድ ሰፈሯ ባለው ክለብ ጠንካራ ጨዋታ ታገኛለች። ያቺ ትንሽ አገር በ2017 የአውሮፓ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ድሉን ሁሉ ለዚህ ደንብ መስጠት ማጋነን ነው፤ ለአሽቀሎን ግን ከአሜሪካው ይልቅ የሚቀርበው ይህ ይመስላል።

ኢትዮጵያን ያየ ደግሞ ገንዘቡ ከሌላ በኩል ሲመጣ ያያል። የሴቶች ክለቦቹን የሚይዙት በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሮችና የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ ተጫዋቿ ደሞዝ ታገኛለች። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በዚህ መንገድ አልፋ ነው ማልታ፣ ከዚያም አሜሪካ የደረሰችው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድንም በ2024 አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በቃ። እዚያ የጎደለው ከሥር ነው፤ ታዳጊዎች በየሳምንቱ የሚወዳደሩበት የተደራጀ ሊግ ጠባብ ነው። እዚህ ከሥሩ ቢኖርም ወርኃዊ ክፍያው የወላጅ ነው።

አሽቀሎን ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይጨመራል። ከጋዛ ሰርጥ ድንበር በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሲረን ሲጮኽ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። የግንባር ሜዳውን ለሚያቋርጥ ሯጭ ሠላሳ ሰከንድ ብዙ ነው፤ ለሃያ ልጆችና ለአንድ አሠልጣኝ ግን አይደለም። ከጥቅምት 2023 በኋላ ሊጎች ሲቆሙ፣ ስብሰባ ሲከለከል፣ ልምምድ ሲቋረጥ ወንዶቹ ብዙ ስለሆኑ ተመልሰው ቡድን ሞሉ። ከልጃገረዶች ቡድን ግን አምስት ልጅ ከቀረ የሚቀረው ለመሰለፍ አይበቃም።

እንግዲህ ከመመዝገብ በፊት ለአሠልጣኙ ስልክ ደውሎ አራት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። በልጅቷ ዕድሜ ስንት ተጫዋቾች ተመዝግበዋል? ጨዋታው በምን ቀን ነው? ማመላለሻ አለ ወይስ እያንዳንዱ ወላጅ ነው የሚያመጣው? መጠለያው ከሜዳው በስንት እርምጃ ነው? ደንቡ በዕድሜዋ ከወንዶች ጋር መቀጠልን ይፈቅድ እንደሆነ ደግሞ የእግር ኳስ ማኅበሩን መጠየቅ ይቻላል። ከፈቀደና ወንዶቹ ኳስ የሚያቀብሏት ከሆነ፣ አንድ ዓመት ሰፈሯ ብትቆይ የሚቀርባት ነገር የለም። ከማያቀብሏት ግን መንገዱ ቢረዝምም ኪርያት ጋት ይሻላታል።