ካሜራችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በፎቶ አንሺዎች ዘንድ አንድ ስብከት ተስፋፍቷል። ዲጂታል ካሜራ ሰውን አሰንፎታል፣ ሺህ ጊዜ እያነሳ አንዷንም ፎቶ በቅጡ አያያትም፤ መድኃኒቱ ዲኤስኤልአሩን ሸጦ ሬንጅፋይንደር የሚባለውን የፊልም ካሜራ፣ ቢቻል ላይካ፣ መግዛት ነው ይባላል። ስብከቱ ሲሰሙት ደስ ይላል። ክፋቱ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው፤ በግማሽ እውነት ስንት ሰው ኪሱን አራግፏል።

እውነተኛው ግማሽ ይሄ ነው። ሬንጅፋይንደር ውስጡ የሚገለበጥ መስታወት የለውም። ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ በመስኮቷ መሃል አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ የሌንሱን ቀለበት እያዞረ ሁለቱን ሲገጥማቸው ፎከሱ ተስተካከለ ማለት ነው። መስታወት ስለሌለ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ፎቶው በሚነሳባት ቅጽበትም ዓይኑ ፊት አይጨልምም። ብዙ ጊዜ ከፍሬሙ ውጭ ያለውም ስለሚታይ፣ አላፊ አግዳሚው ወደ ፍሬሙ ሳይገባ ገና ሲመጣ ይታያል። ካርቲዬ ብሬሶን ለብዙ ዓመታት በላይካ መንገድ ለመንገድ የዞረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ግን መስኮቷ ሌንሱ የሚያየውን አታሳይም። የሌንሱን ክዳን ሳያነሳ አንድ ሙሉ ፊልም የጨረሰ ሰው በዚህ ካሜራ ብርቅ አይደለም። አብዛኞቹ የላይካ ኤም ሌንሶች ከ70 ሴንቲሜትር ቀርቦ ማንሳት አይሆንላቸውም፤ ከ135 ሚሊሜትር የሚረዝም ሌንስም በዚያች መስኮት አይሞከርም። ስታዲየም ውስጥ ጎል ለሚጠብቅ፣ በጥምቀት ከሕዝቡ ብዛት ወደ ካህናቱ መጠጋት ላቃተው ፎቶ አንሺ ይህ ካሜራ እጅን ማሰር ነው።

«ፊልም ቁጥብነት ያስተምራል» የሚለው ደግሞ በአንድ ሰው ታሪክ ይፈርሳል። አሜሪካዊው ጋሪ ዊኖግራንድ በላይካ የሚያነሳ፣ በመንገድ ፎቶግራፍ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት ተነስተው ያልታጠቡ ወደ 2,500 የሚጠጉ ጥቅል ፊልሞች ትቶ ሄዷል። በ36 ሲባዛ ከ90,000 ወዲያ ወዲህ የሚሆን፣ እሱ ራሱ አንድም ቀን ያላያቸው ምስሎች ማለት ነው። እንግዲህ ማን ነው ሳያስብ የሚያነሳው? ሚሞሪ ካርዱ ነው ወይስ ሰውየው?

«ፊልም አይዋሽም» የሚሉም አሉ። ስታሊን ከኒኮላይ የዦቭ ጋር ቦይ ዳር ሲራመድ የተነሳውን ፎቶ ያዩ ያውቁታል። የዦቭ ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ተፋቀ፤ በቆመበት ቦታ ውኃ ብቻ ቀረ። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም።

ወደ ገንዘቡ። ዛሬ ዲኤስኤልአር የሚሸጥ ሰው በወለል ዋጋ ነው የሚሸጠው፤ ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራ ስላዞሩ አሮጌው ገበያ ረክሷል። የሚገዛው ግን በጣሪያ ዋጋ ነው። ላይካ ኤም6ን እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ሲያወጣው ያለ ሌንስ ከ5,000 ዶላር በላይ ጠየቀበት። ያገለገሉትም ቢሆኑ ፋሽኑ ከመጣ ወዲህ ተወድደዋል። በካሜራ እንጀራውን የሚጋግር ሰው ደግሞ የባሰ ሒሳብ አለበት። ለአንድ ሠርግ 1,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው 28 ጥቅል ፊልም ያስፈልገዋል፣ እያንዳንዱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ፣ ከዚያ ማጠቢያ፣ ከዚያ ስካን። ሙሽሮቹ በዚያው ሌሊት «ፎቶው በቴሌግራም አይላክልንም?» ማለታቸው ደግሞ አይቀርም።

የሚገርመው የፊልም ሰባኪዎች ያላቸውን አንድ ጠንካራ ክርክር እምብዛም አያነሱትም። ኔጌቲቭ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ለሚያየው ሰው ይነበባል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ቻርጀር አይፈልግም። የቦያጂያን ቤተሰብ በቤተ መንግሥት ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም የሚታዩት፣ በየቤቱ አልበም ውስጥ አፍሮ ያበጠሩ አጎቶችና ሚኒ የለበሱ አክስቶች ዛሬም የሚያሳቁት፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ስለቀረ ነው። ያለፉት 15 ዓመታት ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሰልፍ፣ የፈረሰ ሰፈር ግን በአብዛኛው ያለው በስልክና በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም ሲል የሚጠፋው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ከፈረሰው ሰፈር የቀረው ምስልም አብሮት ይሄዳል።

ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ላይካ በመግዛት ግን አይድንም። ፊልም የሚያነሳውም ስካኑን በስልኩ ተቀብሎ ኔጌቲቩን ፎቶ ቤት ትቶት ከሄደ ከሌላው በምን ተሻለ? ኔጌቲቭስ ቢሆን ሙቀትና እርጥበት ካገኘው እንደ ኮምጣጤ እየሸተተ የሚበሰብስ አይደለም? የሚያስፈልገው መምረጥ፣ ማሳተም፣ ከጀርባው ቀንና ስም መጻፍ፣ ፋይሉንም ከአንድ በላይ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ አሮጌው ዲኤስኤልአር ይበቃል።

አሁንም ልቡ ለሚያመነታ ሰው ርካሽ መፈተኛ አለ። በያዘው ካሜራ ላይ አንድ ባለ 35 ሌንስ ብቻ ይሰካ፣ ስክሪኑን በፕላስተር ይሸፍነው፣ በቀን ከ36 በላይ አያንሳ፤ ወር ሲሞላ አሥር መርጦ ያሳትም። ያኔም ፊልም ካሰኘው ከመግዛቱ በፊት ካሜራ ተውሶ ሁለት ጥቅል ያንሳ፤ ፊልሙ የት እንደሚታጠብም አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱ «ውጭ ለሚሄድ ሰው ሰጥቶ» ከሆነ፣ በየአየር ማረፊያው እየተተከሉ ያሉት የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልም እንደሚያበላሹ አምራቾቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል።