የስካውት ማዕረግና የፈራሚው ብዕር





ባለፈው ወር በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ ስልክ ደውሎ በብርቱ ተቈጥቶ አነጋገረኝ። የ13 ዓመት ልጁ በስካውት ማኅበር ውስጥ «አንደኛ ደረጃ» ወደሚባለው ማዕረግ ለመውጣት የቀረው አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ እርሱም ዋና ነው። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ርቀቱን ሳይጨርስ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ወጣ። ፈታኙም አልፈረመለትም። «አባባ፤ ልጁ ክረምቱን ሙሉ ደክሟል፤ ጓደኞቹ ሁሉ አልፈውት ሄደዋል፤ ለጥቂት ሜትር ሲሉ ልጅን ማሳዘን ምን ይሉታል?» አለኝ። እኔም ለጊዜው መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው፤ ልጆች ተሰብስበው በሚሠለጥኑበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢያን ላቀርበው ወደድሁ።

እንደሚታወቀው ስካውትን የመሠረተው እንግሊዛዊው ጄኔራል ባደን ፖዌል ነው። በ1907 (ዘመኑ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ስለ አሜሪካው ማኅበር ያሉትም እንዲሁ) በብራውንሲ ደሴት 20 ያህል ልጆችን ይዞ ሰፈረ፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አወጣ። በመጀመሪያ የነበሩት ማዕረጎች የጀማሪ፤ የሁለተኛ ደረጃና የአንደኛ ደረጃ፤ በጠቅላላው ሦስት ነበሩ። በ1910 የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር ግን መሰላሉን እያስረዘመ ሄዶ ዛሬ ሰባት አድርሶታል። ከአንደኛ ደረጃ በላይ ኮከብ፤ ሕይወት፤ በመጨረሻም ንስር ይባላል። የመጀመሪያው የንስር ማዕረግ የተሰጠው በ1912 ለአርተር ኤልድሬድ ነው። ንስር ለመሆን 21 የሙያ ምልክቶች ማግኘት፤ ሕዝብ የሚጠቀምበት አንድ ሥራ ዐቅዶ መምራት፤ ይህንም ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላ መፈጸም ያስፈልጋል። ከአንደኛ ደረጃ እስከ ንስር የሚወስደው ጊዜ ቢያንስ 16 ወር ነው።

በዚህ አሠራር እኔን ይልቁንም የሚያስደስተኝ እንደ ትምህርት ቤታችን አንዱ አንደኛ ሲወጣ ሌላው አርባኛ የሚሆንበት አለመሆኑ ነው። አንዱ ልጅ በመውጣቱ ሌላው አይወርድም፤ ሁሉም ቢችሉ ሁሉም ንስር ይሆናሉ። እንዲያውም በጀማሪው ማዕረግ የሰውነት ማጠንከሪያ ፈተና ላይ ልጁ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። ፑሽ አፕና ሩጫ ስንት እንደ ሠራ ይጻፍለታል፤ 30 ቀን ተለማምዶ እንደ ገና ይፈተናል፤ ከቀድሞው ጥቂት እንኳ ከተሻለ አለፈ ይባላል። ባደን ፖዌልም ለሙያ ምልክት መመዘን ያለበት የሥራው ጥራት ሳይሆን ልጁ ያፈሰሰው ድካም ነው ብሎ አስተምሯል። ስለዚህ ልጄ «ደክሟልና ይፈረምለት» ማለቱ ከመሥራቹ አሳብ ጋር የሚስማማ ይመስላል፤ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም።

ነገር ግን በዚያው መሰላል ላይ ድካም የማይመዘንበት እርከን አለ፤ እርሱም ዋናው ነው። ልጁ ከቁመቱ በላይ ወደ ሆነ ውኃ ዘሎ ይገባል፤ 75 ያርድ በብርታት ይዋኛል፤ 25 ያርድ ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ እያረፈ ይዋኛል፤ በድምሩ 91 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ዘላቂ የአካል ጉዳት ላለበት በሐኪም ማስረጃ ሌላ ፈተና ይተካለታል እንጂ፤ ደክሟል ተብሎ ከዚህ የሚቀነስ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጀልባ የተገለበጠ ቀን ውኃው ልጁ ክረምቱን ሙሉ መድከሙን አይጠይቀውም።

የፊርማው ነገር ከዚህ ይመጣል። በአሜሪካው ደንብ ማንም ሰው ከተጻፈው ፈተና ላይ መጨመርም መቀነስም አይችልም፤ «ሠርተህ አሳይ» ከተባለ አፍ ብቻ አይበቃም። በመጨረሻ ልጁን የሚያነጋግረው ሸንጎም የተፈረመለትን እንደ ገና እንዲፈትን አልተፈቀደለትም። እንግዲህ ልጁ ችሎ እንደ ሆነ የሚያውቀው ያ በመጀመሪያው ቀን ገንዳው ዳር ቆሞ የፈረመው ሰው ብቻ ነው። ፈራሚው ላላ ካለ ከበላዩ ያለው ሁሉ ባዶ ወረቀት ያጸድቃል። የሚያላላ ምክንያትም አይጠፋም። ንስር የሆነ ወጣት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሲቀጠር ከፍ ባለ የደመወዝ እርከን የመጀመር ዕድል ሲያገኝ ኖሯል፤ ስለዚህም ወላጅ ይቸኩላል። በክረምት ሰፈር ብዙ ልጆች ባንድነት ትምህርት ስለ ሰሙ ብቻ ምልክት ይታደላቸዋል የሚለው ቅሬታም በራሳቸው በስካውቶቹ ዘንድ የቈየ ነው።

እኔ ራሴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በተማሪነቴ ስካውት ነበርሁ። የመጀመሪያ ርዳታ ፈተና ቀን መሽቶ ስለ ነበር አለቃችን ለቀረነው ስድስት ልጆች ሳይፈትነን ባንድ ላይ ፈረመልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከጥቂት ወራት በኋላ በእግር ጉዞ ላይ አንድ ጓደኛችን ተንሸራቶ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሁሉም እጅጌዬ ላይ የተሰፋውን ምልክት አይተው ወደ እኔ ዞሩ። ማፈር ስላልፈለግሁ ቅድድ ጨርቅ ወስጄ ባለ ኃይሌ ጠፍሬ አሰርሁት። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ልጁ ሲጮህ ጣቶቹ ጠቈሩ። ድሬሰሩ ከሁሉ አስቀድሞ የፈታው የእኔን ማሰሪያ ነበር። «ማነው ይህን ያሰረው?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን አላነሣሁም።

ፈራሚ ጥብቅ ይሁን ስል ግን በልጅ ላይ ጌታ ይሁን ማለቴ አይደለም። ይኸው የአሜሪካ ማኅበር በልጆች ላይ በተፈጸመ የመድፈር ወንጀል ክስ ብዛት በ2020 የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገዷል፤ ከዚያም በኋላ ከ80 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አቤቱታ አቅርበውበታል። ማዕረግ የሚሰጥ ሰው በልጁ ላይ ሥልጣን አለውና፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን የሚከለክለው ደንባቸው ለፈተናም ጊዜ የሚሠራ ነው። በአገራችንም ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ፈርሶ እንደ ገና የተቋቋመው ስካውት ይህን ደንብ ከፊርማው ጋር እኩል ሊይዘው ይገባል እላለሁ።

ለልጄ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከሴቶች ልጆች ታሪክ ነው። ማኅበሩ (በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል) በ2019 ሴቶችን ወደ ንስር በሚያደርሰው መሰላል ሲቀበል፤ ዕድሜያቸው 16 ያለፈ ልጃገረዶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው መጨረስ እንደማይችሉ ታየ። መሪዎቹ ከፈተናው አንዱንም አልቀነሱላቸውም፤ ያራዘሙላቸው ጊዜውን ነው። በ2021 በየካቲት ወር 1 ሺህ የሚጠጉ ልጃገረዶች የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ንስሮች ተብለው ሲሰየሙ «በምሕረት ነው» የሚል አፍ የከፈተ ሰው ማስረጃ አላገኘም።

የልጅ ልጄ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ አምስት ዓመት በእጁ አለ። ስለ ሆነም ለአባቱ «ፈታኙን ተወው፤ ዋና የሚያስተምረው ሰው ፈልግለት» ብዬ ጻፍሁለት። የድሬሰሩንም ታሪክ ጨምሬ ጽፌለታለሁ፤ እስከ ዛሬ ነግሬው አላውቅም ነበር።

ከ1966 በፊት ስካውት የነበራችሁ አንባቢያን፤ በእናንተ ጓድ ፈተናው እንዴት ይሰጥ እንደ ነበረ ብትጽፉ ለዛሬዎቹ አለቆች ይጠቅማቸዋልና እንዳትሰንፉ አደራ እላለሁ።

አንድ የቀድሞ ስካውት
ከአዲስ አበባ