ሲተርፍ የሚመረጥ ሙያ

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን ስንሞላ መምህርነትን ስንተኛ ላይ ነበር የጻፍነው? ካልተዋሸን በስተቀር አብዛኞቻችን ወይ መጨረሻ ላይ ነው፣ ወይ ጭራሹን አልጻፍነውም። ይህንኑ ጥያቄ ዶርም ውስጥ ሳነሳ ያገኘሁት መልስ ሳቅ ነው። አንዱ ጓደኛዬማ «ምነው፣ ምን በደልኩህ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ነገርዬው ግን የሚያስቅ አይደለም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጥረት ሲባል ብዙ ሰው የቁጥር ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። በእኔ እምነት የጠፋው ሰው ሳይሆን ፈልጎ የሚገባ ሰው ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑንም እናውቃለን። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን እንደምትፈልግ ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ 15 ሚሊዮኑ የሚያስፈልጉት ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ነው። ይህ ቁጥር ወደ ገጠሩ ጎጃም ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ሪፖርት ማንበብ አያሻኝም። ታናሽ እህቴ 10ኛ ክፍል ናት። ፊዚክስ የሚያስተምራት የባዮሎጂ መምህር ነው። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። እሱም ያልተማረውን ያስተምራል፣ እሷም ያልገባትን ትሸመድዳለች። ፈተናው ሲመጣ ግን ማንም «መምህር አልነበራትም» ብሎ አያዝንላትም።

ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ? አልነበረም። ይሄ እኮ የዲማ፣ የዋሸራ፣ የጎንጅ አገር ነው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ለምኖ እየበላ፣ ወንዝ ተሻግሮ መምህር ፍለጋ ይሄድ ነበር። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ መንገድ አልፈዋል፤ ከጣሊያን ወረራ በፊትም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ የከፈተለት ሀብት ወይም ዘር ሳይሆን ማስተማሩ ነው።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን አገሪቱ መምህር ሲያጥራት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ግብፃውያን፣ በኋላም ሕንዳውያን አስተምረዋል። በ1955 ዓ.ም. ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ደብረ ማርቆስም ደርሷታል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደረገ። ብዙዎቹ ያገለገሉት በመምህርነት ነው። መምህሩ ያኔ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለማየት የካቲት 1966ን ማስታወስ ይበቃል። መምህራኑ የትምህርት ሴክተር ሪቪውን በመቃወምና የደሞዝ ጥያቄ በማንሳት ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ተንቀጥቅጧል።

ታዲያ ምን ነካን? እኔ እንደሚመስለኝ ሙያው ደረጃ በደረጃ ነው የተሸረሸረው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ሂሳቡም፣ ሳይንሱም፣ እንግሊዝኛውም በቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፋች ሆነ። ተማሪው ደግሞ መምህሩን የሚያየው እንደዚያው ነው።

የሥልጠናው መንገድም ተለዋወጠ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ «ቴሶ» የተባለው ማሻሻያ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ እሱ ቀርቶ ፒጂዲቲ ተተካ። በዚህ አሠራር ተማሪው መጀመሪያ በፊዚክስ ወይም በኬሚስትሪ ይመረቅ፣ ከዚያ የማስተማር ዲፕሎማ ይጨምር ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን በሩን ያንኳኳው በአብዛኛው ሌላ ሥራ ፈልጎ ያጣ ተመራቂ ሆነ። አንድን ሙያ «ሌላው ሁሉ እምቢ ሲልህ ና» ብለህ ከጠራህበት በኋላ ፍቅር ያለው ሰው ከየት ይመጣል?

ደሞዙንማ ማን ያጣዋል! አጎቴ በአንድ የገጠር ወረዳ ለረጅም ዓመታት ሂሳብ አስተምረዋል። ከጀማሪነት ተነስተው በደረጃ ዕድገቱ መሰላል ብዙ ወጥተዋል። ቤት ግን የላቸውም፤ ደሞዝ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዱቤ ይጀምራሉ። ባለፈው ክረምት «ጋሼ፣ ልጅዎ መምህር ቢሆን ደስ ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ማስተማሩን እወደዋለሁ። ልጄን ግን በዚህ ኑሮ አልፈርድበትም» አሉኝ። ልብ በሉ! ሥራውን የሚወደው ሰው እንኳ ለልጁ አይመኘውም።

እርግጥ ነው፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኞች የደሞዝ ጭማሪ ተደርጎ የጀማሪ ባለዲግሪ መነሻ ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ደግ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። በዚያ ላይ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተቀሰቀሰው ጦርነት አለ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል፣ የተገደሉና የተፈናቀሉ መምህራንም አሉ። በዚህ ጊዜ ገጠር ገብቶ ማስተማር ሙያ ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ይጠይቃል።

«እንግዲያው ደሞዙ ይጨመርና ያልቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ተመልከቱት፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እነዚህ ጥቂቶች ሕክምናውን፣ ኢንጂነሪንጉን፣ ሶፍትዌሩን ይከፋፈላሉ። መምህርነት የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ሳይወድ የገባው መምህር ደግሞ የሚቀጥለውን ተፈታኝ ያዘጋጃል። ክቡን ካልሰበርነው ገንዘብ ብቻውን አይሰብረውም።

ስለዚህ የበኩሌን ልበል። አንደኛ፣ ለመምህሩ ቤት። ወረዳው ደሞዝ መጨመር ባይችል መሬት አለው፤ መምህራን በማኅበር ተደራጅተው እንዲሠሩ መስጠት ይችላል። ሁለተኛ፣ ወደ ሙያው መግቢያው በምርጫ ይሁን። መምህርነትን አንደኛ ብሎ የጻፈ ተማሪ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት፣ የኪስ ገንዘብ ተቆርጦለት፣ ሲመረቅ የት እንደሚመደብ አውቆ ይግባ። ሦስተኛ፣ ሰላም ሲሰፍን የያኔው የአንድ ዓመት አገልግሎት ተሻሽሎ ይመለስ። በየምረቃው ላይ «ሳይማር ያስተማረኝን ወገኔን አገለግላለሁ» እንላለን። አንድ ዓመት ጠመኔ መያዝ ከዚያ ቃል በላይ ነው እንዴ?

አራተኛው የእኛው ነው። ጋዜጠኛ ልንሆን ነው የምንማረው። መገናኛ ብዙኃኖቻችን ስለ መምህር የሚያወሩት ወይ ውጤት ሲበላሽ ነው፣ ወይ የደሞዝ ጭማሪ ሲታወጅ። ኮሜዲው ደግሞ የተቀዳደደ ጫማና ያረጀ ኮት አልብሶ ያስቅበታል። አንድ መምህር በሰማንያ ተማሪ መካከል ቆሞ እንዴት እንደሚያስተምር፣ ላብራቶሪ ሳይኖር ኬሚስትሪን በምን እንደሚያሳይ ሄዶ የሚዘግብ የለም። ይህን ለመሥራት ሚኒስትር መሆን አይጠበቅብንም፤ ከማርቆስ በሚኒባስ ትንሽ ራቅ ማለት ይበቃል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር የፊቸር ሥራችን አንዳንዶቻችን ይህንን ብንይዘው ምን ይመስላችኋል?

እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ተራዋ ደርሶ ምርጫዋን ትሞላለች። ፊዚክስ ትወዳለች፣ ባይገባትም ትወዳለች። መምህርነትን አንደኛ ላይ ብትጽፍ ቤት ውስጥ ለቅሶ እንዳይሆን፣ እኔም «ተይ» እንዳልላት የሚያደርግ ነገር እስከዚያ ካልተሠራ፣ የእሷን ታናናሾች ፊዚክስ የሚያስተምራቸውም ያው የባዮሎጂ መምህሩ ነው። እሱም ጡረታ ካልወጣ።