ከኋላ ለቀረው ልጅ

በወላይታ ገጠር ሕዝቡ ብዙ፥ እርሻውም ጠባብ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ከእንሰት ጓሮ ብዙም አይተርፍም፤ ስለዚህ ተካፍሎ የማያልቀው ርስት ትምህርት ነው። ነገር ግን ደብተር መግዣ አጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሰደድ፥ የሊስትሮ ሣጥንም የሚሸከም ብላቴና ጥቂት አይደለም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፥ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ። ፊደል አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ ደብተር ግን በየዓመቱ ይፈለጋል።

ዛሬ የወላይታ ልማት ማኅበር ለአካባቢው ትምህርት ይደክማል፤ በሶዶ ከተማ ያለው የወላይታ ሊቃ ትምህርት ቤትም የእርሱ ነው። በዚያ ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ይማራሉ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሆኖም የበጎ አድራጎት ሚዛን ቀድሞ የሮጠው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከኋላ የቀረውም ጭምር ነው።

ያልተመረጠውን ልጅ ከማኅበሩ ይልቅ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፥ በመስከረም ለልጆቻችን ደብተር ስንገዛ፥ በየዕድራችንና በየጽዋ ማኅበራችን ተመካክረን ለጎረቤት ልጅ አንድ አንድ ብንጨምር፥ ሸክሙ ለማንም አይከብድም፤ ልጁም ከትምህርት ገበታው አይለይም።